ለዓባይ ማደሪያ የቀረጹለት በር

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን አባባል እናቴ የምትናገረው ስለ ወንዙ ሳይሆን ቤቱ አልቀመጥ ስላለ ሰው ነው። ብቻዬን ወደ ግብፅ ልሄድ መሆኔን የነገርኳት ዕለትም የመለሰችልኝ ይህንኑ ነበር። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ዛሬ ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ የወንዝ ውሃ ከፍታ በመመዝገብ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ወንዝ ዳር ወርጄ በሴንቲሜትር የተከፋፈለውን የብረት ሰሌዳ አነብባለሁ፣ ቁጥሩንም በመዝገብ አሰፍራለሁ። ባለፈው ጥር ወር በዓመት ፈቃዴ፣ ያለ አስጎብኚ ድርጅትና ያለ ቡድን፣ ከአስዋን ከተማ አጠገብ ያለውን የፊሌ ቤተ መቅደስ ለማየት የሄድኩት በዚሁ ሥራዬ የተነሣ ነው። በዚያ ቤተ መቅደስ፣ በአንዲት ትንሽ በር ግድግዳ ላይ፣ የጥንት ግብፃውያን የወንዙን መነሻ ቀርጸው እንዳስቀመጡ ካነበብኩ በኋላ፣ ምስሉን በዓይኔ ሳላይ መቅረት አልሆነልኝም።

የእኛ ተራራ ዝናቡን ለሁለት እንደሚከፍለው የአካባቢው ሰው ያውቃል። ደሴ ላይ የጣለው ዝናብ በቦርከና ወደ ኮምቦልቻ ይወርድና፣ በከሚሴ በኩል አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። እኔ በየቀኑ የምለካው ውሃ እንግዲህ ግብፅን አያውቃትም። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ኩታበር የደረሰ ሰው ግን የሌላ ወንዝ አገር ላይ ቆሟል፤ ከኩታበር በስተምዕራብ የሚነሣው በሽሎ ገደሉን እየሰነጠቀ ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል። የእናቴ አገር ኩታበር ነው። በልጅነቴ ክረምት ክረምት ወደዚያ ስንሄድ፣ አያቴ ከማሳው ጥግ ቆሞ የደፈረሰውን ጎርፍ እያየ «ይኸው ሄደ፣ ግብፅ ሊያርስበት» ሲል እሰማ ነበር። ነገሩ የገበሬ ምሬት ብቻ አልነበረም፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚወርድ ሲሆን፣ ወንዙ በጥንቱ የጎርፍ ወራት ተሸክሞት ይደርስ የነበረው ደለልም ከሞላ ጎደል የእኛው አፈር ነበር።

ብቻውን ለሚጓዝ ኢትዮጵያዊ የጉዞው አድካሚ ክፍል ከመነሣቱ በፊት ያለው ነው። ቪዛ ለማግኘት የባንክ ማስረጃ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የሆቴል ማረጋገጫ እያልኩ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ካይሮ ካደርኩ በኋላ የአስዋንን የሌሊት ባቡር ያዝኩ፤ ርቀቱ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉዞው ሌሊቱን ጨርሶ እስከ ረፋድ ይዘልቃል። ለዚህ ብዬ አውሮፕላኑን መተዌን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ጎሕ ሲቀድ በመስኮት የታየኝ ነገር ከየትኛውም ካርታ በተሻለ አገሩን አስረድቶኛል፤ የወንዙ ዳር ልምላሜ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ነው፣ ጥለቱ ያለቀበት ላይ ወዲያው በረሃ ይጀምራል፣ በመካከላቸው ቁጥቋጦ እንኳን የለም።

አስዋን ያረፍኩበት ማረፊያ በአንድ ቀን ሦስት ቤተ መቅደስ የሚያዳርስ ጉብኝት ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር። ለፊሌ የተመደበላት ጊዜ ስንት እንደሆነ ስጠይቅ አንድ ሰዓት ተባልኩ። እኔ የመጣሁት ለአንድ በር ስለነበር ይቅርብኝ ብዬ፣ በማግሥቱ ማለዳ በታክሲ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው የሸላል ጀልባ ማቆሚያ ሄድኩ። እዚያ አንድ ችግር ገጠመኝ፤ በዕለቱ ትኬት የሚሸጠው በባንክ ካርድ ብቻ ነበር፣ ከአገሬ ይዤው የሄድኩትን ካርድ ደግሞ ማሽኑ ሁለት ጊዜ መለሰው። ከኋላዬ የተሰለፉ ከካይሮ የመጡ ባልና ሚስት ነገሩን አይተው በራሳቸው ካርድ ከፈሉልኝና ገንዘቡን በእጅ ተቀበሉኝ። ከወሎ ተነሥቶ እንደኔ ብቻውን ለሚሄድ ሰው የምመክረው፣ ካርዱ ውጭ አገር መሥራቱን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ፣ ያም ሆኖ በቂ የግብፅ ፓውንድ በኪሱ እንዲይዝ ነው።

ጀልባው ከትኬቱ የተለየ ሒሳብ አለው፤ ዋጋው የሚነገረውም በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ሌሎች መንገደኞች ጠብቆ ቢጋራ ይረከስለታል። ከመሳፈር በፊት ሦስት ነገር ቁርጥ አድርጎ መነጋገር ይገባል፤ ዋጋው ለመሄጃም ለመመለሻም መሆኑን፣ ጀልባው ደሴቷ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ክፍያውም የሚፈጸመው ሲመለሱ መሆኑን። የኔ ባለ ጀልባ ጥቁር፣ ነጭ ጢም ያላቸው የኑቢያ ሽማግሌ ነበሩ። በአባቴ ወገን ዘመዶች እንደለመድኩት «አሰላሙ ዐለይኩም» ብዬ ጀመርኩ፤ የወሎ ቤተሰብ እንደመሆናችን አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ናቸው። ሦስት ሰዓት እንደምቆይ ስነግራቸው «ሁሉም አንድ ሰዓት ነው የሚቆየው ልጄ፣ ሦስት ሰዓት ምን ልትሠሪ ነው?» አሉኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛና በጥቂት ዐረብኛ በሩን ለማየት እንደምፈልግ አስረዳኋቸው። አገሬን ስነግራቸው የሕዳሴ ግድባችን ነገር ይነሣብኛል ብዬ ልቤ ፈርቶ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ወንዙ ላይኛ ወገን ዘርግተው «ከላይ ነሻ!» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም የአያታቸው መንደር ከአስዋን ከፍተኛው ግድብ በስተጀርባ ካለው ሐይቅ ሥር መሆኑን ነገሩኝ። ግድቡ ሲሠራ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ 50,000 ያህል የግብፅ ኑቢያውያን ከወንዝ ዳር መንደራቸው ተነሥተው ወደ ኮም ኦምቦ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ሞተሩን ቀነስ አድርገውት ስለነበር፣ ውሃው የጀልባውን ጎን ሲመታ ይሰማ ነበር።

ዛሬ ጎብኚ የሚወርድባት ደሴት የጥንቷ ፊሌ አይደለችም፤ ስሟ አጊልኪያ ነው። እንግሊዞች የመጀመሪያውን የአስዋን ግድብ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ካጠናቀቁ በኋላ፣ ፊሌ በየዓመቱ ለብዙ ወራት ውሃ ይውጣት ጀመር፤ ግድቡ ሁለት ጊዜ ከፍ ሲደረግ ደግሞ መጥለቋ ባሰ፣ ጎብኚዎችም በምሰሶዎቹ መካከል በጀልባ ይቀዝፉ ነበር። ለእኛ ሰው ልብ የሚነካው ዝርዝር ይህ ነው፤ ቤተ መቅደሱ ከውሃ የሚወጣው በክረምታችን ነበር። ደለል የተሸከመው ጎርፍ ግድቡን እንዳይሞላው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ገደማ በሮቹ ተከፍተው ስለሚያሳልፉት፣ የወሎና የጎጃም ጎርፍ በሚያልፍባቸው ወራት፣ ቤተ መቅደሱ የተሠራላት የግብፅ እንስት አምላክ የኢሲስ ቤት ፀሐይ ያይ ነበር። ከፍተኛው ግድብ ከተሠራ በኋላ ደሴቷ በሁለቱ ግድቦች መካከል ተይዛ ስለቀረች፣ በዩኔስኮ አስተባባሪነት ዙሪያዋ በብረት አጥር ታጥሮ ውሃው ተመጥጦ ወጣ፤ ደለሉ ተጠረገ፤ ቤተ መቅደሱም ወደ 40,000 በሚጠጉ ድንጋዮች ተፈታትቶ፣ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቃ ከፍ ብላ ወደምትገኘው አጊልኪያ ተሻግሮ እንደገና ተገጣጠመ። አጊልኪያም የፊሌን መልክ እንድትይዝ ተቆርጣና ተስተካክላ ነው የጠበቀችው። ሥራው ተጠናቆ ቤተ መቅደሱ ለጎብኚ የተከፈተው በ1980 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ከጀልባው ወርጄ በሁለት ረድፍ ምሰሶዎች መካከል ወዳለው ሰፊ ግቢ ስገባ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ፊት ለፊት 18 ሜትር ከፍታ ያለው የመግቢያ ግንብ ቆሟል፤ በላዩም ከግሪክ ዘር የሆነው የግብፅ ንጉሥ አሥራ ሁለተኛው በጥሊሞስ ጠላቶቹን በጠጉራቸው ጨብጦ ሲመታ ተቀርጿል። ደሴቷ ላይ እስከ ዛሬ ከቆመው ሁሉ ጥንታዊው በአራተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነገሠው የቀዳማዊ ነክታኔቦ ሥራ ነው፤ ዋናውን ቤተ መቅደስ በጥሊሞሶች አሠሩት፣ የሮማ ቄሣሮችም ጨመሩበት። ሁሉም የሚያነሣው የመግቢያውን ግንብና አሥራ አራት ምሰሶ ያለውን የሮማውን ቄሣር የትራጃንን ድንኳን መሰል ሕንፃ ነው፤ ሁለቱም በርግጥ ያማሩ ናቸው። እኔን ግን ቀድሞ የያዘኝ ምሰሶዎቹ ላይ ያለው የውሃ ልክ ነው። ከቁመቴ በላይ፣ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ከምሰሶ ምሰሶ የሚሻገር ቡናማ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በታች ድንጋዩ ጠቁሯል፣ ከመስመሩ በላይ ገርጥቷል። ምሰሶ አናት ላይ ያሉት የተቀረጹ ቅጠሎች በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቀይ የተቀቡ እንደነበሩ ከመጥለቃቸው በፊት ያዩ ተጓዦች መዝግበዋል፤ ያ ቀለም ውሃው ውስጥ ቀርቷል። በሥራዬ እንዲህ ያለ መስመር ከድልድይ ምሰሶ ላይ አንብቤ የጎርፉን ከፍታ በመዝገብ አስገባለሁ፤ ሰሌዳው በጎርፍ ሲወሰድ ያለን ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። እጄ ሳላውቀው ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ሜትር ሊፈልግ ሄዶ ነበር።

በምሰሶዎቹ አዳራሽ ውስጥ ያጋጠመኝን ደግሞ ለማየት አልተዘጋጀሁም ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት የምሥራቅ ሮማው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ቤተ መቅደሱን አዘግቶ ካህናቱን ካሳሰረ በኋላ፣ ይህ አዳራሽ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ምሰሶዎቹ ላይ ክንዶቻቸው እኩል የሆኑ መስቀሎች ተቀርጸዋል፤ ከአማልክቱ ምስሎች ብዙዎቹ ፊታቸው በመሮ ተጠርቦ ጠፍቷል። ሥራውን ያስፈጸሙት ጳጳስ ስማቸው በእኛ አጠራር ቴዎድሮስ ሲሆን፣ «መስቀሉ አሸነፈ፤ ሁልጊዜም ያሸንፋል» የሚል የግሪክ ጽሑፍ በግድግዳው ላይ ትተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ የተሰየመው በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ነበር።

ይህን ስም እዚያ ሳገኘው ለአፍታ ቆሜ ቀረሁ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተሰሜን ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ ቀድሞ ደሴት የነበረና ዛሬ ከየብስ የተያያዘ፣ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ መነኮሳትን ያስተማሩበት ታላቅ ገዳም። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስንሄድ ወንድሜ ከአጎቶቼ ጋር አልፎ ሲገባ፣ እኔ ከውጭ ሆኜ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ወፎች እየቆጠርኩ እጠብቀው ነበር። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ይህን የምጽፈው ላማርር አይደለም። ነገር ግን በውሃ በተከበበ ስፍራ የተሠራ የእስጢፋኖስ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆምኩት አስዋን ነው፤ ከመንበሩ ድንጋይ አጠገብ ጫማዬን ላውልቅ ወይስ አላውልቅ እያልኩ ብዙ ቆየሁና፣ አወለቅኩት። ወለሉ ጥሩ ቅዝቃዜ ነበረው።

ከዚያ በኋላ ወደ በሩ ሄድኩ። የሐድሪያን በር የሚባለው ከዋናው ቤተ መቅደስ በስተምዕራብ፣ በውሃው ዳር ያለ ትንሽ ሕንፃ ነው፤ ቡድኖቹ በአጠገቡ ሲያልፉ አስጎብኚዎቹ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ተናግረው ይቀጥላሉ። ምስሉ ጎልቶ የተሠራ አይደለም፣ ጠዋት ጥላ ሲሆን ለማየት ያስቸግራል፤ ፀሐይዋ ዞራ ብርሃኑ በጎን መምጣት ሲጀምር ግን መስመሮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። አስቀድሞ የሚታየው እንደ ካብ ተደራርቦ የተሠራ የድንጋይ ቁልል ነው፤ ከቁልሉ አናት ላይ ጥንብ አንሣና ጭልፊት ተቀምጠዋል። ከቁልሉ ሥር ዋሻ አለ፤ የዋሻው ግድግዳ ደግሞ ድንጋይ ሳይሆን እባብ ነው፣ ሰውነቱን ጠምዝዞ ክብ ሠርቶበታል። በእባቡ ክብ ውስጥ ሃፒ፣ የጎርፉ አምላክ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። በራሱ ላይ የወንዝ ዳር ተክል አለ፤ በሁለት እጆቹም ሁለት እንስራ ይዞ ውሃ ያፈስሳል።

ቁልሉ የቢጋ ደሴት ድንጋይ ነው፤ ቢጋ ከፊሌ ፊት ለፊት ያለች ጥቋቁር ቋጥኝ የሞላባት ደሴት ስትሆን፣ ዛሬም ከበሩ አካባቢ ትታያለች። ግብፃውያን የኢሲስ ባል የሆነው አምላክ የኦሲሪስ ግራ እግር እዚያ ተቀብሯል፣ ጎርፉም ከእሱ ይመነጫል ብለው ያምኑ ነበር፤ ኢሲስ በየአሥር ቀኑ ከፊሌ ተሻግራ ለባልዋ መሥዋዕት ታፈስስለት ነበር፣ ማለትም ካህናቱ ምስልዋን በጀልባ ያሻግሯት ነበር። በዚሁ በር ላይ በተቀረጸው የደሴቷ ሥርዓት መሠረት በቢጋ 365 የመሥዋዕት ገበታዎች ነበሩ፤ ከበሮ፣ በገናና ዋሽንት መምታት ክልክል ነው፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገርም አይፈቀድም። ውሃው በሚነሣበት ቦታ ሰው ዝም እንዲል ማዘዛቸው ትክክል መስሎ ታየኝ። በኩታበር የምንጭ ራስ ላይ ልጆች ሲጮኹ ሽማግሌዎች የሚቆጡትን ቁጣ አስታወሰኝ።

የመጣሁበትን ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ምስል ሲያነሡ ግብፃውያን የወንዛቸውን ምንጭ አለማወቃቸውን ለማሳየት ይጠቀሙበታል፤ ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ደግሞ በዚህ መኩራት ይቀናዋል፣ እኔም ስነሣ እንደዚያ ያለ ስሜት አልነበረኝም ብል እዋሻለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ከፊቱ ከቆምኩ በኋላ ግን አመለካከቴ ተለወጠ። ያ ሕዝብ ከመጀመሪያው የዓባይ ፏፏቴ፣ ከአስዋን ቋጥኞች በላይ በኑቢያ ምሽጎች ሠርቷል፣ ነግዷል፣ ተዋግቷል፤ ውሃው ከቢጋ በላይም እንደሚፈስስ በዓይኑ ያይ ነበር። ዋሻው የካርታ ስሕተት ሳይሆን ማደሪያ ነው። ዝናብ በማያውቅ ሰማይ ሥር፣ በሰኔ ማብቂያ ላይ፣ ከምንም ተነሥቶ የሚሞላ፣ መስከረም ላይ ጫፍ የሚደርስና መልሶ የሚጎድል ውሃ ሲያዩ፣ ይህ ነገር የቀረውን ዓመት የሚያርፍበት ቤት ሊኖረው ይገባል ብለው ሠሩለት፤ የሚጠብቀው እባብ አደረጉለት፤ ሁለት እንስራም አስያዙት። እኛ ምንጩን የምናውቀው ሰዎች «ማደሪያ የለው» ብለን ስንተርትበት፣ ምንጩን ያላዩት ሰዎች ማደሪያ ቀረጹለት። እኔ ያንን ዋሻ በስተጀርባው በኩል፣ ከዝናቡ ወገን የማውቀው ሰው ነበርኩ፤ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ግን አስቤው አላውቅም።

በዚያው በር ግድግዳ ላይ ሌላም ነገር አለ። ማንዱሊስ ከሚባለው የኑቢያ አምላክ ምስል ጎን ጥቂት መስመር የሃይሮግሊፍ (የጥንት ግብፃውያን የሥዕል ፊደል) ጽሑፍ በደከመ እጅ ተቀርጿል፤ ከ3,000 ዓመት በላይ ከዘለቀው የዚያ ጽሕፈት ዘመን ውስጥ ቀኑ የሚታወቀው የመጨረሻ ጽሑፍ ይህ ነው። የጻፈው እስመት አኾም የሚባል የኢሲስ ሁለተኛ ካህን ሲሆን፣ ከሥሩ በዴሞቲክ፣ በግብፃውያን የዕለት ተዕለት ጽሕፈት፣ ቀኑን አኑሯል፤ ዕለቱ የኦሲሪስ የልደት ቀን፣ ዓመቱ 110። ምሁራን ይህን ነሐሴ 24 ቀን 394 (እ.ኤ.አ.) በሚል ይመልሱታል። ለእኛ ግን መመለስ አያስፈልገውም፤ 110 የተቆጠረው ከዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ ጀምሮ ነው፣ ይህም በቤተ ክርስቲያናችን ዓመተ ሰማዕታት የምንለው ቁጥር ነው። የግብፅ ዓመት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትና በመጨረሻ የሚጨመሩ ቀናት ነበሩት፤ አምስቱ ቀናት የአምስት አማልክት የልደት በዓላት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው የኦሲሪስ፣ አራተኛው የኢሲስ ነበር። እነዚያ ቀናት የእኛ ጳጉሜ ናቸው። እንግዲህ እስመት አኾም መሮውን ያነሣው በጳጉሜ 1 ቀን 386 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሒሳብ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሦስት ጊዜ አወጣሁት፣ ሦስቱም ጊዜ አንድ ሆነ። ጳጉሜ 1 ለእኛ ክረምቱ ሊወጣ የተቃረበበት፣ ደመናው መሳሳት የሚጀምርበት፣ በሽሎ ግን ገና ሙሉ የሆነበት ቀን ነው፤ አስዋን ላይ ደግሞ ጎርፉ ወደ ጫፉ የሚቃረብበት ወቅት ነበር። ስለዚህ ያ ካህን ሲቀርጽ ከበሩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ቀይ ቡኒ እንደነበር በርግጠኝነት መናገር እችላለሁ፤ ቀለሙንም አውቀዋለሁ። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ከእሱ በኋላ ብዙ እንዳልቆየ ሲታሰብ፣ ለዘለዓለም ይኑር ብሎ መጻፉ ያሳዝናል። ወደ በሩ ጥግ የተጠጋሁት ፊደሎቹን ከቅርብ ለማየት ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ምልክቶች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ጠብበው፣ ቦታ እንዳያንሳቸው የተጨነቁ መስለው ታዩኝ። ባለ ጀልባዬ ከሩቅ እጃቸውን ሲያወዛውዙ ሦስት ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ ለቆየሁበት ጨምሬ ልከፍላቸው ስል ግን አልቀበልም አሉ።

ከሰዓት በኋላ የሄድኩት በአስዋን ከተማ ፊት ለፊት ወዳለችው የኤሌፋንቲን ደሴት ነው፤ የሕዝብ ጀልባ ያሻግራል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። እዚያ ያለው የዓባይ መለኪያ ለሌላ ሰው በግድግዳ መካከል የሚወርድ ደረጃ ብቻ ሊሆን ይችላል። 90 ደረጃዎች ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ በግድግዳው ላይ ክንድ በክንድ የተከፋፈለ መስፈሪያ አለ፣ ግብፃዊው ክንድ 52 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ሆኖ በ7 ጋት፣ በ28 ጣት ይከፈላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሲታደስ የዐረብኛ ቁጥር ያላቸው ሰሌዳዎች ተለጥፈውበታል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት እዚህ የደረሰው ጂኦግራፈሩ ስትራቦ፣ መለኪያው ለገበሬው ውሃ ለማከፋፈል፣ ለሹማምንቱ ደግሞ ግብር ለመጣል ይጠቅም እንደነበር ጽፏል፤ ውሃው ከፍ ሲል ግብሩም ከፍ ይል ነበር። በእኛ ሰሌዳና በዚህ ግድግዳ መካከል ያለው ልዩነት የአሃዱ ብቻ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው፣ ዕለት ዕለት ደረጃውን እየወረደ፣ ክንዱንና ጣቱን አንብቦ ለጸሐፊ ይናገር ነበር።

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለዚህ ልኬት የተወውን ቃል ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል፤ ጎርፉ 12 ክንድ ሲሆን አገሩ ረኃብ ያያል፣ 13 ሲሆን ይርበዋል፣ 14 ደስታ ያመጣል፣ 15 ልብ ያሳርፋል፣ 16 ሐሤት ይሆናል። ከደረጃው ግማሽ ላይ ተቀምጬ ይህን ሳስብ የመጣብኝ ግብፅ አልነበረችም። እዚህ አንድ ክንድ ጎደለ ማለት እዚያ ላይ፣ በእኛ ተራሮች፣ ዝናቡ ዘግይቷል ወይም አልጣለም ማለት ነው። ቁጥሩን የመዘገበው ሰው ለግብፅ ገበሬ እየተጨነቀ የወሎን ረኃብ አብሮ ጽፎ ነበር፤ የጻፈው የማንን እንደሆነ ግን የሚነግረው አልነበረም።

ከተመለስኩ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ኩታበር ሄጄ ለእናቴ ፎቶዎቹን በስልክ አሳየኋት። የእስጢፋኖስን መስቀሎች ሳመቻቸው። የሃፒን ዋሻ ስታይ ሳቀችና «እባብ ነው የሚጠብቀው? ታዲያ ያ ሁሉ አፈር በየት በኩል አልፎ ሄደ?» አለችኝ። የመለኪያውን ደረጃ ሳሳያትና የቁጥሩን ትርጉም ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ። በ1977 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ዓመት የምታወራው ጥቂት ነው፣ እኛም አንጠይቃትም። ስልኩን ከእጄ ተቀብላ «ሰባ ሰባት የትኛው ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከፍተኛው ግድብ ከተሠራ ወዲህ እዚያ ደረጃ ላይ የሚነበብ ጎርፍ እንደሌለ፣ በዚያ ድርቅ ዘመን የጎደለው ከግድቡ በስተጀርባ ያለው ሐይቅ እንደነበር ነገርኳት። እሺ አለች። ፎቶውን በሁለት ጣቷ አጉልታ ከላይ ወደ ታች ወሰደችው፤ ደረጃው ውሃ ውስጥ የሚገባበት፣ ምንም ቁጥር የማይታይበት ቦታ ስትደርስ ጣቷን እዚያው ላይ አቆየችው።